ቆሎ የተጠቀለለበት ገጽ

ክረምቱ ሲወጣ የባለቤቴን መጻሕፍት በረንዳው ላይ ፀሐይ አስመታኋቸው። በየመስከረሙ እሱ ነበር የሚያደርገው፤ ዘንድሮ ለእኔ ቀረ። ሽፋን የሌለውን አንዱን ሳነሳ በመርፌና ክር የተሰፋች አንዲት ገጽ ተገለጠች። እጥፋቷ ዛሬም አልጠፋም።

መጽሐፉ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ስለኖረ አሜሪካዊ ጠበቃና ፖለቲከኛ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ጌጃ ሰፈር ያለች ቆሎ ሻጭ ከኋላ እየገነጠለች ትጠቀልልበት ነበር። ለምኜ የተረፈውን ወሰድኩ። ሰውዬው የአናጺ ልጅ ነው፤ ሕግ የተማረው በሰው ቢሮ ደብዳቤ እየገለበጠ ነው። ለምክር ቤት ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ወደቀ። የሦስተኛው ድምፅ ሲቆጠር ገጹ አለቀ።

አባቴ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። ሕግ ልማር ስለው «ችሎት ለሴት አይሆንም» ይለኝ ነበር። መጽሐፉን ባገኘሁ በሁለተኛው ቀን በትምህርት ቤታችን «ሐኪም ይበልጣል ወይስ ጠበቃ?» የሚል ክርክር ነበረን።

«መጥቼ እሰማሻለሁ» አለኝ አባቴ። «ካሸነፍሽ የሕግ ትምህርት ማመልከቻ ፎርምሽን እፈርማለሁ።»

የአሜሪካዊውን ታሪክ ተናግሬ ስጨርስ ተቃዋሚዬ ታደለ ተነሣ፤ የክፍላችን ቀልደኛ ነበር።

«እሺ እትዬ ጠበቃ፣ ሰውዬሽ መጨረሻው ምን ሆነ? አሸነፈ?»

ልዋሽ ቃጣኝ። አባቴ ከኋላ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየኛል።

«አላውቅም፤ ተገንጥሏል» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። «ግን በተሸነፈ ማግስት ጠዋት ቢሮውን ከፍቶ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የመሬት ጉዳይ ይዞ ችሎት ገብቷል። የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። መሬቷን የተነጠቀች ጤነኛ ሴትስ የት ትሂድ?»

ሳቁ ቆመ። ዳኞቹ ለእኔ ፈረዱ። አባቴ ፎርሙን አወጣና እዚያው በሩ ላይ ጀርባዬን ጠረጴዛ አድርጎ ፈረመ። የብዕሩ ጫፍ በሹራቤ በኩል ሲሄድ ይሰማኝ ነበር።

ታደለ ተከትሎን መጣና ከኪሱ ጥቅል አውጥቶ ቆሎውን መዳፌ ላይ ገለበጠው። ወረቀቱ የመጽሐፌ ቀጣይ ገጽ ነበር። ሰውዬው ሦስተኛም ጊዜ ወድቋል።

«ይህን ይዘህ ለምን አላነበብከውም?»

«ቆሎውን የት ላድርገው?» አለኝ።

ያ ታደለ ነው ኋላ ባሌ የሆነው፤ ገጿንም የሰፋት እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ጥብቅና ስቆም፣ በተረታሁ ማግስት ጠዋት ቀድሞኝ ሄዶ ሜክሲኮ አደባባይ ያለውን ቢሮዬን ይከፍት ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ቢሮው ተዘግቶ ከርሟል።

መጻሕፍቱን መልሼ ደረደርኩ። የቢሮውን ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ነገ ጠዋት እከፍተዋለሁ።