ላልሞተ ሰው የነፋሁት ጥሩምባ

ይህን ነገር ከአንዲት ሴት በቀር የሰማው ሰው የለም። እሷም የሰማችው ባለፈው ጁምዓ ነው። ከዚያ በፊት ለሚስቴ አልነገርሁም፣ ለኢማሙም አልነገርሁም። ሱጁድ ላይ ተደፍቼ እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። "ያረቢ ወንጀሌን ማረኝ" እላለሁ፤ ወንጀሉ ምን እንደሆነ ግን አፌን ሞልቼ አልናገርም። ካልተናገርሁት አላህ የማያውቀው ይመስል።

ሙሄ እባላለሁ። ከመርሳ ከፍ ብሎ ባለ መንደር የቅሬያችን ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፣ እኛ ዘንድ ግን ከእድርም ይከብዳል። ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥቼ እነፋለሁ፣ የሟቹን ስም እጣራለሁ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ጀናዛ አናሳድርምና ጉልበት ያለው ጎረምሳ ዶማና አካፋውን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ መቃብር ይደርሳል። ሽማግሌውና ሴቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱስ ይሁን፣ የራሱ ቀን ሲመጣ ማን ይቀብረዋል? ስለዚህ የተጣላም ይወጣል፣ ያመመውም ይወጣል፣ የተደበቀም ይወጣል። የተደበቀም ያልሁትን ልብ በሉልኝ።

ጊዜው ጦርነቱ በቆቦ በኩል እንደገና የተነሳበት ክረምት ነው። አንዴ በላያችን ላይ አልፎ ነበር። ከብታችን ታርዷል፣ እህላችን ተጭኗል፣ የቀበርነውንም ቀብረናል። ያን ሳናራግፍ "ከየቤቱ ተዋጊ አምጡ" የሚል መጣ። መዝመትን የጠላ መንደር አልነበረም የእኛ። በፈቃዱ የሄደ ብዙ ነው፤ የጎረቤቴ የዘሐራ ትልቁ ልጅ ሰይድ ስንቁን ራሱ ቋጥሮ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። እኛ የጠላነው አፈሳውን ነው። ከገበያ፣ ከባጃጅ ላይ፣ ከእርሻው መሀል ልጅ እየለቀሙ አይሱዙ ላይ መጫኑን ነው። እናት ልጄ የት ሄደ ብትል የሚመልስላት የለም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ዋርካው ስር ሰብስቦን "ግዴታ ነው" ሲል ከሁሉ ቀድሞ የተነሳው ማን ነበር? እኔ ነበርሁ። "ዛሬ ልጃችንን ሳትጠይቁን ከወሰዳችሁ፣ ነገ ማሳችንን፣ ከነገ ወዲያ ቤታችንን ላለመውሰዳችሁ ዋሳችን ማነው?" አልሁ። ሰው አጨበጨበልኝ። ጭብጨባው ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም። ቀጥላ ዘሐራ ተነሳች። "ሁለት ወልጄ አንዱን ሰጥቻለሁ" አለች። "መንግሥት አንድ ለእኔ አንድ ላንቺ ማለት እንዴት ያቅተዋል?"  ከዚያ ወዲያ ለስብሰባ የሚወጣ ጠፋ፣ ጎረምሳውም ማሽላ ውስጥ መዋልና ማደር ጀመረ። የዘሐራ ትንሹ ሁሴንም፣ የእኔው ልጅ ጀማልም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ብርቱካኖቼ ስር ስኮተኩት ሊቀመንበሩ ብቻውን መጣ። አልተቆጣም፤ በተቆጣ እንዴት በወደድሁ። "ሙሄ፣ ሰዉ ለእኔ አይወጣም። ላንተ ግን ይወጣል" አለኝ። ቀሪውን ሳይናገር ገባኝ። ሼህ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ አልጋ ከያዙ ከርመዋል፤ አረፉ ቢባል የሚጠራጠር አይኖርም። "ጀማል ያን ለት ቤት ይዋል። ከዚያ በኋላ እሱን የሚጠይቀው የለም" አለኝ። ይኸው ነው። መሣሪያ አላወጣብኝም፣ አልዛተብኝም። እምቢ ብለው ምን ያደርገኝ ነበር? አላውቅም፤ ምክንያቱም አልሞከርሁትም።

ለልጄ ስል ነው ብዬ ስንት ዓመት ራሴን ደለልሁ! ይህች "ለልጅ ሲባል" የምትባል ሰበብ አሁንስ አንገሽግሻኛለች። የሰረቀም ለልጄ ነው ይላል፣ የዋሸም ለልጄ ነው ይላል። ዘሐራስ የወለደችው ድንጋይ ነው?

በማግስቱ ፀሐይ ብቅ ስትል ነፋሁ። ጉብታው ላይ ቆሜ ነፋሁ። "የቅሬ ሰው ስማ! ሼህ ይማም ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ዶማ ያለህ ዶማህን ይዘህ ውጣ!" ሰውየው አልሞቱም፣ እኔ ግን ነፋሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም እንደዚያን ቀን አጥርቼ የነፋሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከመውጣቴ በፊት ጀማልን "ዛሬ ከቤት እንዳትወጣ" ብዬው ነበር። ጥሩምባው ሲሰማ እናቱን "ቀብር እየቀረ?" ብሏት፣ "አባትህ ዋል ብሎሃል" አለችው። ማታ ስመለስ ከላይ እስከ ታች አየኝ።  ልጄ ያን ጊዜ ገብቶታል።

ሁሴን ከማሽላው ሲወጣ አግኝቼዋለሁ። ሱሪው በጤዛ ርሷል፣ ዶማው ትከሻው ላይ ነው፤ ቆም ብሎ "ጋሼ ሙሄ፣ ሼህ ይማም መቼ አረፉ?" አለኝ። "ሌሊት" አልሁት። "አላህ ይማራቸው፤ ቁርዓን ያቀሩኝ እሳቸው ናቸው" ብሎ ሮጠ። ማንም አልነበረም፤ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። "ተመለስ" ማለት ምን ያስቸግር ነበር? ሊቀመንበሩ አይሰማ፣ ሚሊሻው አይሰማ። ሌላውን ሁሉ ፈራሁ፣ ታለልሁ ልበል፤ ያችን ግን ምን ልበላት? አፌን ዘግቼ ጀርባውን አየሁ።

ሚሊሻዎቹ መቃብሩ ጀርባ ቁልቋሉ ውስጥ ነበሩ። ሽማግሌውና ሴቱ ሲደርስ ጎረምሳው ተጭኖ አልቋል። የተጀመረ ጉድጓድ፣ እዚህም እዚያም የተጣለ ዶማ። ሴቶቹ እየጮኹ ወርደው አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ፤ መኪናው በእኛ ላይ ይለፍ አሉ። እኔም ወርጄ አብሬያቸው ተቀመጥሁ። ምን ዓይነት ፍጡር ነኝ? ራሴ ያስጫንሁትን ልጅ መልሱ ብዬ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጥሁ፣ እሷም ጥላዋን አጋራችኝ። መኪናው ግን በሌላ መንገድ ሄዶ ኖሯል።

ሼህ ይማም ሞታቸውን አልጋቸው ላይ ሆነው ነው የሰሙት። "ወላሂ፣ ሙሄማ አይዋሽም፣ ሞቼ ይሆናል ብዬ እግሬን ቆነጠጥሁት" እያሉ ያወሩት ነበር። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ቅሬው ተሰብስቦ ጠየቀኝ። "ሚሊሻ መጥቶ አርፈዋል አለኝ" ብዬ ዋሸሁ። አንዱ ሽማግሌ "ሳታጣራ?" ብሎ ሲያፈጥብኝ ዘሐራ ተነሳች፤ ልጇ ከተጫነ ገና ሳምንት አልሞላውም። "እሱ ምን ያርግ፤ የነገሩትን ነው የነፋ። ሙሄን ለቀቅ አርጉት፣ እሱም እንደኛ የተታለለ ነው" አለች። ለቀቁኝ። እኔም ተለቀቅሁ። ያላጠፋሁትን ይቅር ሲሉኝ ያጠፋሁትን ዋጥሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ሼህ ይማም የእውነት አረፉ። ጉብታው ላይ ወጥቼ ነፋሁ። ማንም አልወጣም። ደግሜ ነፋሁ። በየቤቱ በር ሲዘጋ ይሰማኛል። ጦርነቱ ቆሞ ነበር፣ አይሱዙ የለም፣ ቁልቋሉ ውስጥ ሚሊሻ የለም፤ ጥሩምባውን ግን የሚያምን ጎረምሳ የለም። እኛው ሽማግሌዎቹ እያለከለክን ቆፈርን። ጧት መቀበር የነበረባቸው ሰው የአሱር ሶላት ሰዓት አለፈባቸው። መንግሥት ገደቡን አለፈ ብዬ የጮህሁት እኔ፣ መንግሥት ሊደርስበት የማይችለውን የቅሬያችንን አመኔታ በገዛ እጄ አውጥቼ አስረከብሁት። ሊቀመንበሩ ምን አደረገ? ጠየቀ እንጂ እሱ ጥሩምባ መንፋት አይችልም።

ከተጫኑት አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ አንዱ ሲያነክስ፣ አንዱ ዝም ብሎ። ሁሴን አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ጀማል ወልድያ ባጃጅ ይነዳል። ለኢድ እንኳ አይመጣም፤ ለእናቱ ይደውላል። ስልኩን ለእኔ ስታቀብለኝ መስመሩ ይቋረጣል።

ዘንድሮ ባለቤቴ ታመመችና ዘሐራ ውሃ ስትቀዳልን ከረመች። በየቀኑ በእኔ ደጅ ትገባለች፣ ባለቤቴን ታገላብጣለች፣ "ሙሄ፣ በልተሃል?" ትለኛለች። ይህ በልተሃል የሚሉት ነገር ነው የጨረሰኝ። ባለፈው ጁምዓ ጀሪካኑን ስታወርድ ነገርኋት። ሁሉንም ነገርኋት፤ ብርቱካኑ ስር የተባባልነውን፣ ጤዛውን፣ "ሌሊት" ያልሁትን።

ውሃውን እንስራው ውስጥ ገልብጣ ጨረሰች። እንደምትጮኽ ጠብቄ ነበር። ከዚያ "ስትነፋ ለእኔ ብቻ ነው የነፋኸው?" አለችኝ።

"ለሁሉም" አልሁ።

"እንግዲያ ለእኔ ብቻ ሹክ ብለህ ልትገላገል አትምጣ።"

ባዶውን ጀሪካን ይዛ ወጣች። በማግስቱ ተመልሳ መጣች፤ ውሃውን ቀዳች፣ ባለቤቴን አጠበች፣ እኔን ግን አላናገረችኝም። እስከ ዛሬም አላናገረችኝም።

ስለዚህ በመጪው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ዋርካው ስር፣ ያኔ በተጨበጨበልኝ ቦታ ላይ ቆሜ እናገረዋለሁ። ምላሴ እንዳያጭበረብረኝ አስቀድሜ ጻፍሁት። የቅሬ ሰዎች፣ ጥሩምባውን ለሌላ ስጡ፤ እኔ ስሞት የሚነፋልኝ ባይኖር አልከሳችሁም። በጅምላ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብዬም አላስቸግራችሁም። የሰውን ሐቅ ባለሐቁ ካልማረ አላህም አይምርም ብለው ያስተማሩን ሼህ ይማም ናቸው። የተመለሱትን ልጆች በየደጃቸው ሄጄ እለምናለሁ፤ የሚሰድበኝ ይሰድበኛል፣ የሚመታኝም ይመታኛል። የሁሴን ደጅ ግን የእናቱ ደጅ ነው። እዚያ እቆማለሁ፤ ግባ በይኝ አልላትም።