ስልሳ ሰው የጫነው ኮምፒውተር

በሆሳዕና ከተማ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ባለ አውቶብስ ላይ ስልሳ ሰው በመጫን የመጀመሪያው እኔ ነኝ። አታምኑም፣ አውቃለሁ።

ትናንት የልጄ ኮምፒውተር ፋን እንደ አሮጌ አውቶብስ ሲንገጫገጭ ስሰማ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የነበረ አንድ ቅዳሜ ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ለምንጫወተው የመኪና ጌም ከአዲስ አበባ በፍሎፒ ዲስክ አዲስ አውቶብስ መጥቶልን ነበር። የአውቶብሱን ፋይል ስከፍተው ተራ ጽሑፍ ነው፤ «ተሳፋሪ 24» ይላል።

«ቦኖሻ የሚሄድ መኪና በሃያ አራት ሰው ይነሳል እንዴ?» ብዬ ስልሳ ላደርገው ስል ኮምፒውተር የምታስተምረን ቲቸር አስቴር እጄን ያዘችኝ።

«ስማ፣ መጀመሪያ ኮፒ አድርገህ ለብቻ አስቀምጥ። ጌሙን ካበላሸኸው ቅዳሜ መምጣት ቀረ። የሚዳፈር ሰው መመለሻውን ያዘጋጃል።»

ነገሩ በደንብ ሳይገባኝ ኮፒ አደረግኩ። ስልሳ ብዬ ጻፍኩ፤ ጌሙ አልከፈት አለ።

«ገደልከው!» አለ ተራ የሚጠብቀው ጓደኛዬ ታምራት፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ላብ በላብ ሆኜ ኮፒውን መለስኩ፤ ጌሙ ተነሳ። የቲቸር ነገር ያኔ ገባኝ። ቀስ ብዬ ሳነብ «ወንበር 24» የሚል ሌላ መስመር አገኘሁ። ሁለቱንም ስልሳ ሳደርጋቸው አውቶብሱ ንቅንቅ ብሎ ሄደ።

ትናንትም ልጄ የጌሙን ፋይል ሲነካካ አይቼ «ኮፒ አስቀምጠሃል?» አልኩት።

ካላመናችሁ መናኸሪያ ሂዱና ታምራትን ጠይቁት። ዛሬ የቦኖሻ መኪና ረዳት ነው። አትቸኩሉ፣ ስልሳ ሳይሞላለት አይነሳም።