ዴልማር ክሩምሪን የሸሸጉት ተጫዋች

ዴልማር ክሩምሪን በኢንዲያና የበቆሎ እርሻዎች መካከል ባለችው ከተማችን ዕድሜያቸውን በጠርሙስ ፋብሪካ ፈጅተው፣ በጡረታቸው ዘመን አሠልጣኝ ሆኑ። የሚያሠለጥኗቸው ልጆች ሥጋና ደም አልነበራቸውም፤ በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ የሚኖሩ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ነበሩ። እኛ ዐሥራ ሁለት የከተማይቱ ሰዎች እያንዳንዳችን አንድ ኮሌጅ ይዘን እንፎካከር ነበር። ልጆቹን መመልመል፣ የልምምድ ሰዓታቸውን መደልደል፣ ማሳደግ የእኛ ፈንታ ነበር። ጨዋታውም የእያንዳንዱን ልጅ ችሎታ ከመቶ በነጥብ ያሳየን ነበር። ልጁ በችሎታ እጅግ ካደገ ግን ፕሮፌሽናል ቡድኖች ዐይናቸውን ይጥሉበትና ትምህርቱን ሳይጨርስ ይወስዱታል።

ስለዚህ ከመካከላችን ተጫዋች መሸሸግ የለመዱ ነበሩ። የላቀውን ልጅ ወደ ቅርጫት ውርወራ እንዳይለማመድ ይከለክሉታል፤ የፕሮፌሽናል ቡድኖች መልማዮች እንዳያዩትም በትልልቅ ግጥሚያዎች ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። ዴልማር ይህን ልማድ ይጸየፉት ነበር።

የዐይናቸው ብርሃን መድከም ሲጀምር ግን ነገሩ ተለወጠ። ሐኪሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ማንበብ እንደማይችሉ ነገራቸው። ዋንጫ ደግሞ አንድም ጊዜ አንሥተው አያውቁም። ቡድናቸው የሚበስለው በሚቀጥለው የውድድር ወቅት ነበር፤ ያም ቴሮን ዊክ የተባለው ተስፋ የተጣለበት ልጅ ከቆየ ብቻ ነው። ዴልማርም ሸሸጉት።

ፕሮፌሽናሎቹ አላዩትም። ዴልማር በዚህ ተደስተው ሳለ፣ አንድ ማለዳ ባለቤታቸው ዊልማ ከኮምፒውተሩ ቀና አሉ።

«ዴል፣ ዊክ ሄዷል።»

«ማን ወሰደው?»

«ማንም አልወሰደውም፤ ራሱ ነው የለቀቀው። ‹እድገቴ ቆሟል› ይላል። ሌላ ኮሌጅ እየፈለገ ነው።»

ልጁን የውድድራችን አስተባባሪ የሆኑት ፀጉር አስተካካይ፣ ሎይድ ፔቲት ወደ ራሳቸው ኮሌጅ ወሰዱት። ቅዳሜ ሁላችንም ለቁርስ ስንሰበሰብ ሎይድ ዝም ማለት አልቻሉም።

«ምን ስታበላው ነበር በናትህ? ልጁ እኮ ተርቦ ነው የደረሰልኝ።»

«እንቁላልህን ብላ፤ ይቀዘቅዛል።»

ሎይድ ግን የዴልማርን ዐይን ነገር ሰምተው ነበርና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማ ዴል፤ ልቀቀው ካልከኝ እለቀዋለሁ። መልሰህ ውሰደው።»

«አይሆንም።»

«አንተ ግትር ሽማግሌ። ዋንጫውንስ?»

«ዛሬ ብትመልስልኝ ነገ መልሼ እሸሽገዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አንተ ውርወራውን አሠልጥነው።»

ሎይድ እንደተባሉት አደረጉ። ዴልማር በሩብ ፍጻሜው ተሸንፈው ከውድድሩ ሲወጡ፣ ዊክ አዲሱን ቡድኑን ለዋንጫ አበቃ፤ ከዚያም ትምህርቱን አቋርጦ ፕሮፌሽናሎቹ ወደሚመርጡበት መድረክ ወጣ።

የምርጫው ዕለት ዴልማር ማንበብ ተስኗቸው ነበር። ዊልማ አነበቡላቸው።

«ሦስተኛ ተጠርቷል።»

«ውርወራው ስንት ደርሷል?»

«ዘጠና አራት ይላል።»

 በዴልማር ዘንድ ሰባ አንድ ላይ ቆሞ ነበር።

«የሚመለመሉት አዳዲስ ልጆች ስም ወጥቷል፤ ላንብብልህ?» አሉ ዊልማ።

«ተይው። ለሎይድ ደውዪና ኮሌጄን ዐይን ላለው ሰው ይስጥልኝ በዪው።» ከዚያም ጨመሩ፦ «የሚረከበው ሰው ግን ልጆቹን እንዳይሸሽግብኝ።»