የመለሰው እንጨት

የእህቴ ባል በቶርኖ፣ እንጨት በሚያሽከረክር ማሽን፣ ገበቴ የሚቀርጽ ሰው ነው። ሰፈሩ «አንኳኪው» ይለዋል። ማንኛውንም እንጨት ማሽኑ ላይ ከማሰሩ በፊት በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን ይለጥፍበታል፤ ደህናው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ግን የታፈነ ነው። ድሮ «ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» እያልኩ አሾፍበት ነበር። አሁን ትቻለሁ።

ማንኳኳቱን ያስተማረው ሟቹ ታላቅ ወንድሙ ነው። ያ ሰው የሚያንኳኳው በብር ቀለበቱ ስለነበር ቅጭ፣ ቅጭ ሲል ግቢው ሁሉ ይሰማል። አንድ ቀን ሥራ በዛበትና ሳያንኳኳ አሰረ፤ ማሽኑንም ፊት ለፊቱ ቆሞ አስነሳው። እንጨቱ ለሁለት ሲከፈል ግማሹ ግንባሩን መትቶት አለፈና ግድግዳውን ቦረቦረ። ያቺን ጉድጓድ የእህቴ ባል እስከ ዛሬ አላስለሰናትም።

ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄው ለጉድ ነው። እጅጌውን ይሰበስባል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ እንጨቱን መጀመሪያ በእጁ አዙሮ ያያል፣ ማሽኑን የሚያስነሳው ከጎን ቆሞ ነው። እንጨቱ ቢፈነዳ የሚሄድበትን መንገድ ወለሉ ላይ በቀይ ቀለም አስምሮታል፤ እዚያ ማንም አይቆምም። ከእህቴ በቀር። እህቴ የነገሯትን ላለመስማት የተፈጠረች ናት።

አምና የግቢያቸውን ወይራ ነፋስ ጣለው። እህቴ ከእሱ ገበቴ ካልተሠራልኝ ብላ ድርቅ አለች። ባሏ የግቢ ዛፍ አይታመንም፣ ሰው ሚስማር ይመታበታል ብሎ ለመናት፤ ማን ሰምቶ። ግንዱን ሰንጥቆ ቶሎ የሚሰነጠቀውን እምብርቱን አወጣ፣ ጫፉን ሰም ቀባ፣ ጥላ ውስጥ አደረቀው። ሲያንኳኳው ጥርት ያለ ነበር። አሰረው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እህቴ ገበቴዬ ሲወለድ ልይ ብላ ቀዩ መስመር ላይ ተገትራለች። ዞር በይ ቢላት ዛሬ ብቻ አለችው። ሰለቸው መሰለኝ፣ እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ።

ቅጭ፣ ቅጭ።

ድምፁ የመጣው ከእንጨቱ ነው። ማሽኑ ገና አልተነሳም፣ የነካውም የለም። የእህቴ ባል ፊቱ አመድ መሰለ። ክንዷን ይዞ እየጎተተ ከኋላው አቆማት፤ እሷ እየተቆጣች ሳለ እሱ ከጎን ሆኖ ማብሪያውን ተጫነ።

እንጨቱ ጥቂት ዞሮ ፈነዳ። ስብርባሪው እህቴ ቀድሞ ቆማ በነበረችበት አልፎ ያቺኑ ጉድጓድ መታ። 

ባሏ ስብርባሪውን ሲያነሳው ዛፉ ውጦት የኖረ ዝገታም ሚስማር አገኘ። እህቴ አየችውና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ይሄን የመታልኝ ወንድምህ ነው» አለችው። «ሙሽራ ሆኜ የመጣሁ ጊዜ፣ የልብስ ገመድ እንዳስርበት።»

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አልወድም። ሚስማሩ ላልቶ ነው የተንቀጨቀጨው፣ ሌላ ምንም የለም አልኳቸው።

የእህቴ ባል እንጨቱንና ጉጠቱን አቀበለኝ። እስኪያልበኝ ታገልኩ፤ ሚስማሩ ንቅንቅ አላለም።