የአባቴ የብርሌ ጋያ

ይህ የሆነው አምና ጥቅምት ላይ፣ እናቴ ከሞተች መንፈቅ ሊሞላ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ይጠፋብኛል። የሰው ወገብ ለክቼ ዞር ከማለቴ ስንት እንደሆነ እረሳለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። አርብ በመጣ ቁጥር፣ የገበያው ጫጫታ ሲጀምር፣ እንደ አዲስ ይመጣብኛል።

የምኖረው ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው። ከመስጊዱ ዝቅ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅና ጨው ሲነግድ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን እርጅና ቤት አውሎታል። ጆሮውም ጨርሶ አይሰማም። ባጃጅ አጠገቡ ጡሩንባ ቢነፋ ዞር አይልም።

አባቴ ጋያ ያጨሳል። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ እኔ የትምባሆ ወዳጅ አይደለሁም። ሽታው የሰፋሁት ልብስ ላይ እየገባ ከስንት ደንበኛ ጋር አጣልቶኛል። ሼሁም መክረውታል፣ ሐኪምም ተቆጥቶታል። እሱ ሁለቱንም ጆሮዬ አይሰማም ብሎ አለፋቸው። «ለሽማግሌ ትምባሆ ማጨሻ ታሠሪለታለሽ?» የምትሉ ካላችሁ ተቆጡ፤ አልከፋም።

ለማያውቅ ሰው፣ ጋያ ማለት ጭሱ በውሃ ውስጥ አልፎ የሚሳብበት ማጨሻ ነው። ሆዱ ቅል ነው። ቅሉ ውስጥ ውሃ ይገባል፤ ከላይ ትምባሆውና ፍሙ የሚቀመጡበት የሸክላ ራስ አለው፤ ከጎኑ ደግሞ አጫሹ የሚስብበት ሸምበቆ ይወጣል። ሲሳብ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ዋናው ነገር ይህ ድምፅ ነው። ውሃው ካነሰ ጭሱ ሳይበርድ ገብቶ ጉሮሮ ይጠብሳል። ከበዛ ደግሞ ያ መራራ ውሃ አፍ ይሞላል። አጫሽ ይህን የሚለየው በጆሮው ነው።

የአባቴ ጆሮ ከደከመ በኋላ ጆሮ የሆነችው እናቴ ነበረች። ስሟ ዘሀራ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ከሶላት መልስ፣ በረንዳው ላይ አጠገቡ ትቀመጣለች። እሷ አጫሽ አልነበረችም፤ ብቻ ፍሙ እስኪያያዝ ድረስ መጀመሪያ የምትስበው እሷ ነበረች። ከዚያ ሸምበቆዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ትሰጠዋለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይስባል፤ እሷ ጥጥ እየፈተለች ታዳምጣለች። ድምፁ ሲቀየር ጉልበቱን መታ ታደርገዋለች። ያኔ ያቆማል፤ እሷም ውሃውን ታስተካክላለች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ ስትሞት ጋያው ጥግ ያዘ። ክረምት ላይ አባቴ ብቻውን ሊሞክር ተነሣ። ውሃው አንሶ ኖሮ ጉሮሮው ተቃጠለና ሲያስለው ዋለ። በማግሥቱ አበዛውና አፉ ሞላ። ውሃውን ተፍቶ፣ ቅሉን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። «ጭሱ ነው» አለኝ። ጭስ የሚባል ነገር ግን አልነበረም።

ያን ቀን አንድ ነገር አሰብኩ። ጆሮው ባይሰማ ዓይኑ ያያል። የጋያው ሆድ መስታወት ቢሆን ውሃውን እያየ ያጨስ ነበር።

አርብ ገበያ ላይ፣ ከሸክላ ሻጮቹ ጎን፣ ጋያ ይዘው የሚቀመጡ አያ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። የአባቴንም የሠሩለት እሳቸው ናቸው። ሄጄ፣ ሆዱ መስታወት የሆነ ጋያ ይሠሩልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እናንተ የከተማ ልጆች ደግሞ፣ የማታመጡት የለም!» ብለው ሳቁ። ምክንያቱን ስነግራቸው ሳቃቸው ቀረ። ቆይተው፣ «በይ ብርሌ ፈልጊ» አሉኝ። «ሆዱ ድብልብል፣ አንገቱ ረዘም ያለ፤ ቅልን የሚመስል እሱ ነው። ታዲያ ጠጅ ያልገባበት አዲስ ይሁን። ኋላ አባትሽ በስተርጅና በኔ ሰበብ እንዳይኮነኑ።»

ቢሰበር መተኪያ እንዲኖር ብዬ ከንፋስ መውጫ አዳዲስ ብርሌዎች አስመጣሁ። አንዱን ለአባቴ አሳየሁትና በእጄ ምልክት አስረዳሁት። ወዲያው ገባው። ተነሥቶ ጥግ ከተቀመጠው ቅል ላይ ሸምበቆዋን ነቀለ። ጣቴን ይዞ ጫፏ ላይ አሳረፈው። ትንሽ ስርጉድ አለባት። እናቴ የፊት ጥርሷ ሸራፋ ነበር፤ ስትስብ ነከስ የምታደርግበት ቦታ ነው።

«ይችን እንዳትቀይሯት» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።»

ብርሌዎቹንና ሸምበቆዋን ወስጄ ለአያ ሙሄ እንዲሁ ነገርኳቸው። ስርጉዷንም አሳየኋቸው። ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቀል ብለው ቀይ ክር አሰሩባት። «አደራ» አልኳቸው። «ምን በወጣኝ ልጄ፣ የዘሀራ ጥርስ ያረፈባትን እጥላለሁ?» አሉኝ።

ቤታቸው ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች መንደር ነው። በቀጠሩኝ ቀን በጠዋት ሄድኩ። የመጀመሪያው ብርሌ እጃቸው ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ሁለተኛውን ይዘው፣ ደጅ ቁርበት ላይ ተቀምጠው፣ የሆዱን ቀዳዳ እየጨረሱ ደረስኩ። ቀዳዳው ለሸምበቆዋ ነው። ጫፉ የተሞረደ ብረት በሁለት መዳፋቸው መካከል እያሽከረከሩ፣ በውሃ የራሰ ደቃቅ አሸዋ ጠብ እያደረጉ፣ ሳይጫኑ ይበሳሉ። መጫን የለም። እጃቸው ሲሮጥ እሳቸው የሌላ ሰው እጅ የሚያዩ ይመስል ነበር፤ ከኔ ጋር ያወራሉ፣ ከሚስታቸው ጋር ይቀላለዳሉ፣ እጃቸው ግን ሥራውን አይተውም።

ቀዳዳው ሲያልቅ ጠርዙን በድንጋይ አለዘቡት፤ አጥበው ሰጡኝ። የቀረው ማሸጉ ነበር። ሰም በትንሽ የሸክላ ድስት ይቀልጣል፤ ፀሐይ እንዳያፈሰው የተነፋ አመድ ይገባበታል፤ በሱ ሸምበቆው ዙሪያውን ይታሸጋል። እኔ ብርሌውን ወደ ፀሐይ አንሥቼ አየሁት። ያምራል። አባቴ ውሃውን ሲያየው ታየኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ አለኝ።

አያ ሙሄ እሳቱን እያቀጣጠሉ ያወሩኛል። «ጋያ ሆዱን ሲቀይር፣ የአዲሱን ሰም የሚያቀልጠው አሮጌው ሸምበቆ ነው። የአባቴ ሥርዓት ነው፣ እኔም እስከ ዛሬ ሌላ እንጨት አንድጄ አላውቅም። ትምባሆ የጠጣ ሸምበቆ እሳቱ ለስላሳ ነው፣ ሰሙን አያሳርረውም...»

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘወር ስል ሸምበቆዋን ጉልበታቸው ላይ ሰብረው እሳት ውስጥ ከተዋታል። ቀዩ ክር ሲያያዝ ሁለታችንም እኩል አየነው።

እጃቸውን ነበልባሉ ውስጥ ሰደዱት። ያወጡት ግማሽዋን ነው፣ ቅሉ ውስጥ ትገባ የነበረችውን። ያቺ አፍ የሚነካት፣ ስርጉድ ያለባት፣ በዓይናችን እያየን አመድ ሆነች። ለዘመናት ጭስ የጠጣች ስለሆነች እንደ ጧፍ ነው የነደደችው።

«እጄ ነው! ልጄ፣ እጄ ነው!» አሉ አያ ሙሄ። የተቃጠለ እጃቸውን በደህናው እጃቸው ይመቱታል። እኔ ግልፍተኛ ነኝ፤ ሰፈር የሚያውቀው ነው። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ልናገራቸው ነበር። ነገር ግን ሽማግሌው እንባቸው ጺማቸው ላይ ሲወርድ ሳይ ዋጥ አደረግሁት። ብርሌውን አቅፌ ቁጭ አልኩ።

ሚስታቸው ከጓዳ አሮጌ ሸምበቆ ይዘው መጡ። «ይችም ያረጀች ናት። ጫፏን በጥርስ ነከስ አድርገን ብንሰጣቸው በምን ያውቃሉ? የሽማግሌ ልብ ከምንሰብር» አሉ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልቤ ከጅሎ ነበር።

«አይሆንም» አሉ አያ ሙሄ። «የሌላ ሰው ጥርስ የዘሀራ ነው ብዬ ለባሏ አልሰጥም። ሄጄ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

የተረፈችውን ግማሽ ከአዲስ ሸምበቆ ጋር በክርና በሰም አያያዟት፤ አፍ የሚነካው አዲሱ ሆነ። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ አሰሩና አብረን ወደ ከተማ ወጣን።

አባቴ በረንዳው ላይ ነበር። ብርሌውን ሲያይ ፊቱ በራ። ቀጥሎ ዓይኑ ሸምበቆዋ ላይ ሄደ፤ በጣቱ ጫፏን ዳበሰ፣ አገላበጣት፣ እንደገና ዳበሰ። አያ ሙሄ ፊት ለፊቱ ቆመው በእጃቸው አስረዱት። ጉልበታቸው ላይ ሰበር አደረጉ፣ ወደ እሳት ከተት አደረጉ፣ ከዚያ ደረታቸውን መቱ።

አባቴ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ኋላ የታሰረውን እጃቸውን ስቦ ጨርቁን ገለጥ አደረገና ቁስሉን አየ። «ምነው ሙሄ፣ ለሸምበቆ ብለህ እጅህን?» አላቸው። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ማር ቀቢው» አለኝ። ውዱእ አድርጎ ሊሰግድ ገባ። ከስግደቱ ግን ቶሎ አልወጣም። በበሩ ቀዳዳ ሳየው ሰግዶ ጨርሶ፣ እናቴ ትተኛበት በነበረው በኩል ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል።

ብርሌው ብዙ ቀን ሳይነካ ቆየ። አንድ አርብ፣ ገበያው ሲበተን፣ አባቴ ራሱ አንሥቶ ሰጠኝ። ውሃ ሞላሁ፣ ትምባሆውን አስተካከልኩ፣ ፍሙን አስቀመጥኩ። መጀመሪያ የሚስብ ሰው ያስፈልጋል። አባቴም እጁን አልዘረጋም፤ ይጠብቃል። ስለዚህ እኔ፣ ትምባሆ ጠልቼ የማልጨርስ ሴት፣ ሳብኩ። ሳል በሳል ሆንኩ። ጠርጌ ሰጠሁት።

ውሃው ብርሌው ውስጥ ሲፍለቀለቅ አየው። «ይኸው! ይኸው!» አለ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው። ድምፁን በዓይኑ አገኘው ብዬ ልቤ ሞላ። እኔም ጎኑ ተቀምጬ ቁልፍ መትከል ጀመርኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀና ስል ዓይኑን ጨፍኗል። ያ ሁሉ ልፋት ለዓይኑ አልነበር? እሱ እንደ ድሮው ጨፍኖ ይስባል። ወዲያው ድምፁ ተቀየረ። ውሃው አንሶ መንተክተክ ጀምሯል፤ ትንሽ ቢቆይ ጉሮሮውን ይጠብሰዋል። ሳላስበው እጄን ዘርግቼ ጉልበቱን መታ አደረግሁት።

«ዘሀራ?» አለ።

ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር፤ ጆሮው ከጠፋ ወዲህ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ምን ላድርግ? መልስ ብሰጥ አይሰማኝም። እጄን ጉልበቱ ላይ ትቼው ቀረሁ።

ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። እኔ ነበርኩ። ፊቱ ላይ የሆነውን መናገር አልችልም። አልከፋብኝም፣ አልተቆጣም፤ ብቻ ፊቱ እንደገና የቀብሩ ቀን ፊት ሆነ። ሸምበቆዋን እጄ ላይ አስቀምጦ ጋቢውን ተከናነበ።

ይኸው ዓመት አለፈው። አያ ሙሄ እጃቸው ድኗል፤ አርብ አርብ ከገበያ ሲመለሱ አባቴን ሳይጠይቁት አያልፉም። አባቴ አሁንም ከሰዓት በኋላ ያጨሳል። ብርሌው ከውስጡ በጭስ ጠቁሮ ውሃው አይታይም። ልጠበው ስለው እምቢ አለኝ፤ ደግሜም አልጠየቅሁትም። መጀመሪያ ስቤ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ እንግዲህ ሳሉንም ለምጄዋለሁ።

ስሰጠው ግን ጎኑ አልቀመጥም። በርጩማዬን ከኋላው አድርጌ ልብስ እሰፋለሁ፣ አዳምጣለሁ። ድምፁ ሲቀየር እጄን ከኋላ አሳልፌ ጉልበቱን መታ አደርገዋለሁ። ዓይኑን ሲገልጥ እኔን እንዳያይ ብዬ ነው።