ኮኮ ዶሮ አይደለም

ሰባት ሰዓት ሲሆን መጋረጃውን እዘጋለሁ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የምንቀረው እኔ፣ ልጁና አልጋው ነን።

አልጋው ዙሪያውን የእንጨት ፍርግርግ ያለው የሕፃን አልጋ ነው። ወደ ግቢ ሲገባ እማማ ከበራቸው ላይ ሆነው አዩትና «ጥጃ ልታስሩበት ነው?» አሉ። እማማ የግቢው ባለቤት ናቸው። እኛ ከቸርችል ጎዳና ጀርባ ባለው አሮጌ ቤታቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። «እኛ» ስል አሠሪዬን እትዬን፣ የአንድ ዓመት ከሰባት ወር ልጃቸውንና እኔን ማለቴ ነው። የልጁ አባት ክፍለ ሀገር ነው የሚሠሩት፤ በወር አንዴ ይመጣሉ።

እትዬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቢሮ ይወጣሉ፣ ማታ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይመለሳሉ። የተማሩ ሰው ናቸው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት «አንቱ አትበይኝ፣ እንደ ታላቅ እህትሽ ቁጠሪኝ» ብለውኛል። አንቺ ማለት አልቻልኩም። አንቱ ማለትም ተከለከልኩ። ስለዚህ ሁለቱንም የማይነካ አነጋገር ለመድኩ። «እራት ይቅረብ?» እላለሁ። «ስልክ እየጮኸ ነው» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ አንድ ዓመት ሙሉ እሳቸውን ሳልጠራ ኖርኩ። ዓይን አፋርነቴ እንደዚህ ነው፤ ዝም አያሰኘኝም፣ ዙሪያ ጥምጥም ያስኬደኛል።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰባተኛን በማታ መቀጠል እፈልግ ነበር። አንድ ቀን ሳህን እያጠብኩ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ፣ «የማታ ትምህርት ምዝገባ ተጀምሯል ይባላል» አልኩ። እትዬ ገባቸው።

«እኔም እንድትማሪ እፈልጋለሁ» አሉኝ። «ግን ታያለሽ፣ ቀን በደንብ ካልተኛ ማታ ሲያለቅስ ያመሻል። ሲያለቅስ ደግሞ ብቻዬን አልችለውም። እንዲህ እናድርግ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጋው ውስጥ ራሱን ችሎ ከተኛ ትመዘገቢያለሽ።»

ምዝገባው የሚዘጋው ልክ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር።

እትዬ ስለ ልጅ አስተኛኘት ስልካቸው ላይ ያነበቡትን አስረዱኝ። ማዘል የለም። እሹሩሩ የለም። ልጁ ሳይተኛ አልጋው ውስጥ ይገባል፣ እኔ አጠገቡ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ካለቀሰ እጄን በፍርግርጉ መሃል ማስገባት እችላለሁ። በየሁለት ቀኑ ወንበሩን ወደ በሩ ትንሽ ትንሽ እያራቅኩ፣ በመጨረሻ ከክፍሉ እወጣለሁ።

በመጀመሪያው ቀን እንደተባልኩት አደረግኩ። ልጁ ፍርግርጉን ይዞ ቆመ። ጮኸ። እጄን ሰጠሁት፣ ገፋው። ፊቱ ቀላ፣ ሳል ጀመረው፣ ያበላሁትን ምሳ አስታወከ። ልብሱን ቀየርኩለትና እንደገና አስገባሁት። እንደገና ጮኸ። ስምንት ሰዓት ሲሆን እኔም እያለቀስኩ ነበር። ነጠላዬን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩና አዘልኩት።

ነጠላውን ቋጥሬ ሳልጨርስ ተኛ። ራሱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ፣ ትንፋሹ አንገቴን አሞቀው።

በማግስቱ ደግሞ «አንዴ ብቻ» ብዬ አዘልኩት።

ልጅ ማዘል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ቶሎ ቢተኛም ግማሽ ሰዓት ካልሞላው እንቅልፉ አይጠናም። ከተቀመጥኩ ይነቃል። ዝም ብዬ ከቆምኩም ይነቃል። ከአልጋው እስከ ቁም ሳጥኑ ሦስት እርምጃ ነው። ሦስት እሄዳለሁ፣ እዞራለሁ፣ ሦስት እመለሳለሁ። ከዚያ አልጋው ላይ ጎንበስ ብዬ ነጠላውን በአንድ እጅ እፈታለሁ፣ በሌላው ወደ ኋላ ደግፌ መጀመሪያ መቀመጫውን፣ ቀጥሎ ራሱን አሳርፋለሁ። እጄን ሆዱ ላይ አድርጌ እስከ ሃምሳ እቆጥራለሁ።

ካስተኛሁት በኋላም መውጣት አልችልም። የቤቱ ወለል ያረጀ ሳንቃ ነው። ከአልጋው እስከ በሩ ዘጠኝ ሳንቃ አለ፤ አምስተኛውና ሰባተኛው ይጮኻሉ። ልጁ ደግሞ የእነሱን ድምፅ ለይቶ ያውቃል። ስለዚህ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እስኪነቃ እጠብቃለሁ። በመጋረጃው ጠርዝ በኩል አንድ ጣት የምታህል ብርሃን ትገባለች። ከቁልቁለቱ የታክሲ ረዳቶች «ለገሃር! ስታዲየም! የሞላ!» ሲሉ ይሰማኛል። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ ነው፤ እኔ ማሳል እንኳ ፈርቼ በጉልበቴ ላይ አገጬን አስደግፌ ተቀምጫለሁ። አንዳንዴ ቆራሌው በግቢው በር ሲያልፍ «ቆራሌው!» ብሎ ይጮኻል። ልጁ ብድግ ይላል። ነጠላው፣ ሦስት እርምጃ፣ ሁሉም እንደገና።

ማታ እትዬ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ይጠይቁኛል።

«ተኛ?»

«ተኝቶ ነበር።»

«አልጋው ውስጥ?»

«ሲነቃ አልጋው ውስጥ ነበር።»

አንዱም ውሸት አይደለም። እንደዚያ ዓይነት አነጋገር አንድ ዓመት ሙሉ ተለማምጄበታለሁ። እትዬ ደስ ብሏቸው ልጁን ያቅፉታል፤ በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። አምስት ቀን ሆነ፣ ስድስት ሆነ። በእያንዳንዱ ምልክት ምዝገባው ሲቀርብ፣ እኔ እውነቱን ከመናገር እየራቅኩ ሄድኩ።

በዚህ መሃል ልጁ አፉን መፍታት ጀመረ።

እኛ አገር ልጅን ጀርባ ላይ ስናወጣ «እሽኮኮ» እንላለን። እኔም ነጠላውን ሳነሳ ቀስ ብዬ «እሽኮኮ» እለዋለሁ። ልጁ የቃሏን ጫፍ ያዘ። ነጠላዬን ባየ ቁጥር እጆቹን ዘርግቶ «ኮኮ! ኮኮ!» ማለት ጀመረ።

አንድ ማታ እትዬ ፊት እንዲሁ አለ። የእማማ አውራ ዶሮ መስኮቱ ሥር ይጫጭር ነበር።

«ሰማሽው?» አሉ እትዬ። «ዶሮ አለ! ዶሮውን እኮ ነው!» ወዲያው ለአባቱ ስልክ ደወሉ። «ልጅህ ዶሮ ማለት ጀመረ!» ልጁ በስልኩ «ኮኮ» አለ። አባቱ ሲስቁ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

በማግስቱ እትዬ ሲጫኗት የምትጮኽ ቢጫ የጎማ ዶሮ ገዝተው መጡ። «ይኸው ኮኮ!» አሉት። ልጁ አየት አደረጋት፣ ወረወራትና ነጠላዬ ወደተሰቀለበት ሚስማር አመለከተ። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። «ሻይ ይቅረብ?» አልኩ።

እማማ ግን ዓይናቸው ምንም አያመልጠውም። ውሃ ስቀዳ ጠጋ አሉኝ።

«አንቺ ዝምተኛ፣ በመጋረጃው ቀዳዳ ከጀርባሽ አየሁሽና ልጅቷ ጉብጠት አወጣች ብዬ ደነገጥኩ።»

«እማማ፣ በእመቤቴ፣ ለማንም እንዳይነግሩ።»

«እኔ ምን አገባኝ! ሰባት ልጅ ያሳደግኩት በዚህ ጀርባ ነው። በረት ውስጥ ያሳደግኩት የለኝም። ግን ስሚኝ፤ አንቺ ብትደብቂ ልጁ አፍ እየፈታ ነው። አፉን የሚፈታ ልጅ ምስጢር አይቋጥርም።»

ቅዳሜ ደረሰ። ያለፈውን ቅዳሜና እሑድ እትዬ ቢሮ ነበር የዋሉት፤ ያን ቀን ግን ቤት ነበሩ። ምሳ እንደተበላ «ዛሬ እኔ አስተኛዋለሁ» አሉኝ። «አንቺ ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ። ቃሌ ቃል ነው። በነገራችን ላይ፣ በምን ዘዴ ነው እንዲህ የሚተኛልሽ?»

«ዝም ብሎ ነው» አልኩ።

ይቺ ግን ውሸት ነበረች። ዙሪያ ጥምጥም የሌላት፣ የለየላት ውሸት። ነጠላዬን ጠዋት ፍራሼ ሥር ደብቄዋለሁ። የስድስተኛ ክፍል ካርዴን በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኩና ወጣሁ።

ግቢው በር ሳልደርስ ልቅሶው ጀመረ። «ኮኮ! ኮኮ!» ከዚያ የጎማዋ ዶሮ ጩኸት ተሰማኝ፤ እትዬ እየተጫኗት ነው። ልጁ «ኮኮ!» ሲል ዶሮዋ ትጮኻለች። እሱ ባሰበት፣ እሷም ባሰባት።

እማማ በሩ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። «ሂጂ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ልቅሶ አይገድልም።»

ሄድኩ። አስፋልቱ ጋ ደረስኩ። ዳገቱን ጀመርኩት። ከዚያ ርቀት ልጁ አይሰማም፤ መኪናው ሁሉ ጡሩንባ ይነፋል። እኔ ግን ዶሮዋ ትሰማኝ ነበር። እሱ የሚያውቃት አንዲት ቃል ናት፤ ጉሮሮው እስኪደርቅ እሷኑ እየተናገረ ነው፤ ቃሏን የሚያውቅ ሰው ግን እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔም ካርዴን ይዤ ዳገት እየወጣሁ ነው። ብመለስ ትምህርቱ ቀረ። ብሄድም እውነቱ እዚያ ክፍል ውስጥ እየጮኸ ነው። በሁለቱም በኩል መውጫ የለኝም። ቆምኩ። አንድ ረዳት «እህት፣ ትሄጃለሽ ወይስ ሐውልት ነሽ?» አለኝ።

ተመለስኩ።

እትዬ አልጋው አጠገብ ተንበርክከዋል። ፀጉራቸው ተፈቷል፣ ዶሮዋ እጃቸው ላይ ናት። ልጁ ሲያየኝ በፍርግርጉ መሃል ሁለት እጁን ሰደደ።

«ዶሮ አይደለም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ኮኮ። እሽኮኮ ማለቱ ነው። አዝዬው ነው የሚተኛው። ሁለቱንም ሳምንት።»

እትዬ ዶሮዋን አዩ፣ እኔን አዩ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የወጣቸው ድምፅ ግን ቀጭን ነበር። «እኔ እኮ ለአባቱ ደወልኩለት» አሉ። «የልጄን የመጀመሪያ ቃል… ይቺን ይዤ ስመጣ ሳቅሽብኝ?»

«አልሳቅኩም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው አንቺ ማለቴን ያወቅኩት። እትዬም ሰሙ። ልጁ ማልቀሱን አላቆመም። ሄጄ ነጠላዬን ከፍራሹ ሥር አመጣሁና ልምድ ሆኖብኝ ጀርባዬን ሰጠሁት።

«ቆይ» አሉ እትዬ። «ለእኔ እሰሪልኝ።»

ጎንበስ አሉ። ልጁን ጀርባቸው ላይ አደረግኩት፣ ነጠላውን በብብቱ ሥር አሳልፌ ደረታቸው ላይ ቋጠርኩ። አዝለው አያውቁም ነበር፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንስራ እንደሚወድቅባቸው ያዙት። ልጁ መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ራሱን ጣለ።

«አሁንስ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ሦስት እርምጃ ወዲህ፣ ሦስት እርምጃ ወዲያ።»

«እስከ መቼ?»

«ግማሽ ሰዓት።»

«ልቀመጥ ብልስ?»

«ይነቃል።»

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል። እትዬ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዱ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ። ፊታቸው አልተፈታም። «ተቀይሜሻለሁ» አሉኝ። «ኋላ እንነጋገርበታለን። አሁን ግን ሰዓቱ ሳይዘጋብሽ ሂጂ።»

አምስተኛውንና ሰባተኛውን ሳንቃ ተሻግሬ ወጣሁ። ዳገቱን በሩጫ ጨረስኩት። ምኒልክ አደባባይን ሳቋርጥ የጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ፤ እየጎተትኩት ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። መዝጋቢው መስኮቱን ሊዘጋ እጁ መስኮቱ ላይ ነበር። «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለኝ። ክፍል ውስጥ ማለት አልቻልኩም። ካርዴን ሰጠሁት።

ስመለስ ዘጠኝ ተኩል አልፎ ነበር። እትዬ ከአልጋው እስከ ቁም ሳጥኑ እየተመላለሱ ነው፤ እንደተውኳቸው። ፊታቸው በላብ ረጥቧል።

«እንዴት እንደሚወርድ አልነገርሽኝም እኮ!» አሉ፤ ሊያለቅሱም ሊስቁም እንደፈለጉ ያስታውቃል። «ማሳከክ እንኳ አልቻልኩም። በየቀኑ እንዲህ ነበርሽ?»

«በየቀኑ።»

አወረድኩላቸው። እስከ ሃምሳ ቆጠርኩ። እሳቸው ወለሉ ላይ፣ እኔ በምቀመጥበት ቦታ፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ሆንኩ፤ ወለሉ እንዳይጮኽ ሁለታችንም መነሳት አልቻልንም። በመጨረሻ «ትማሪያለሽ» አሉኝ። «ግን ማዘል ቀረ። ሰኞ ወንበሩ ላይ እንጀምራለን። በእውነት።»

በእውነት ጀመርን። የማታው ትምህርትም ተጀመረ። አሁን ሰባት ሰዓት ሲሆን መጋረጃውን እዘጋለሁ፣ ልጁን አልጋው ውስጥ አስገባለሁ፣ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። ያለቅሳል፤ ልቅሶው ግን ከበፊቱ ያጥራል። ከዚያ በፍርግርጉ መሃል ቀኝ እጄን ይይዛል፤ ግራዬን ብሰጠው አይቀበልም። ተኝቶም አይለቅም። ትንሽ ሳብ ካደረግኩ ይበልጥ አጥብቆ ይይዘኛል። ወንበሩ ወደ በሩ የሄደው እስካሁን አንድ ሳንቃ ብቻ ነው፤ ክንዴ ከዚያ በላይ አይደርስም።

ስለዚህ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የቤት ሥራዬን በግራ እጄ እሠራለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ደብተሬን ከፍተው ብዙ አዩት፤ ወደ መብራቱም አስጠጉት።

«ይህን የጻፈልሽ ማነው? ሕፃን ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ተጽፏል» ብዬ አልፍ ነበር።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። «ቀኝ እጄ ተይዞ ነው።»