ውሸታሙ ጌጅ

አባቴ በሁለት ነገር አይደራደርም ነበር፤ በሶላቱና በመኪናው ሽቦ። መኪናዋ የጣሊያን ስሪት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ቤት ውስጥ በነበራት ክብርም እንዲሁ። የከተማችን የመርሳ ሰው አባቴን ሲያገኘው ከልጆቹ በፊት የእሷን ደኅንነት ይጠይቀዋል።

ጦርነቱ ሲቃረብ ግን ሐሳብ ገባው። እናቴ ጉልበቷ ከድቷታል፤ እስከ ጓሮ እንኳ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። መሸሽ ከመጣ ደሴ የምትደርሰው በዚያች መኪና ብቻ ነው። መኪናዋ ደግሞ ዳገት ስታይ ትግላለች፤ ሙቀቷን የሚያሳይ ጌጅም የላትም። ስለዚህ ወልድያ ሬዲዮና ስልክ የምጠግነውን ልጁን አስጠራኝ።

"ጌጅ ግጠምላት። ኦርጅናል ሽቦዋን ግን እንዳትነካ!"

"ሳልነካ እንዴት ይሆናል አባ?"

"እሱን የተማርከው አንተ ነህ።"

ሆነ። ከባትሪው የራሱ ፊውዝ ያለው አዲስ ሽቦ ሳብኩ፤ የኪሎሜትሩ ገመድ በሚያልፍበት ቀዳዳ አሾለክሁት፤ ጌጁንም ከዳሽቦርዱ ሥር በቆርቆሮ ማቀፊያ አንጠለጠልኩት። አባቴ ተንበርክኮ እንደ ኬላ ፈታሽ ሁሉንም ዳሰሰና "ማሻአላህ፣ እንግዳ ነገር አይመስልም" አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው።

ስሠራ አንድ ነገር አይቼ ነበር። ከሞተሩ የሚመጣው የጌጁ ሽቦ የመኪናዋን ብረት ከነካ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም የጌጁ መርፌ 'ግላለች' የሚለው ቀዩ ላይ ትሰቀላለች። ለቀልድ ብዬ ነገርኩት፤ እሱ ግን አልሣቀም። ታጣቂዎች እየዞሩ መኪና ይወስዳሉ ይባል ነበርና፣ መርፌዋን ሲፈልግ ቀዩ ላይ የምታወጣ ትንሽ ማብሪያ ከወንበሩ ሥር አስገጠመኝ።

ታጣቂዎቹ እውነትም መጡ። አንዱ ገብቶ ሞተሩን ቢያስነሳ መርፌዋ ቀዩ ላይ ናት። "ይቺ አሮጊት ወልድያም አታደርሰን" ብሎ ቁልፉን መለሰ። አባቴ እስኪርቁ ጠብቆ "እኔ አንድ ቃል አልዋሸሁም፤ የዋሸችው እሷ ናት" አለኝ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኛ ግን እያደር ከበደ። አባቴ ለመጣው ዘመድ ሁሉ ተንኮሉን ሲያሳይ ማብሪያዋ ላላች፤ መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር መርፌዋ በራሷ ጊዜ ቀዩ ላይ ትዘል ጀመር። እሱም ይሥቅባታል።

የመሸሹ ቀን ደረሰ። እናቴ እግሯ ስለማይታጠፍ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናት፤ እኔ ኋላ ከፍራሹ ጋር። መንገዱን ሰውና ከብት ሞልቶታል፤ የምንጓዘው በእግረኛ ፍጥነት ነው። ውርጌሳን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር መርፌዋ ቀዩ ላይ ወጣች።

"አባ፣ ያቁሙ!"

"ውሸቷን ነው።"

"ማብሪያዋን ይመልከቷት እንጂ!"

እጁን ሰዶ ቀጭ ቀጭ አደረጋት። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። "አየህ? ጭራሽ ተበላሽታለች" አለ፤ በጣም ረክቶ። እኔ ስጮህ እሱ ሲመልስ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ አቃሰተና ቀጥ አለ። ኮፈኑን ሲከፍተው እንፋሎቱ ፊቱን መታው። ከዚያ በኋላ አልተነሳችም።

እናቴን ላወርዳት በሩን ስከፍት ኮንጎ ጫማዋ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ከሞተሩ በኩል የሚመጣው ግለት አቅልጦት ነበር። የእግሯ መዳፍ ውኃ ቋጥሯል።

"እማ፣ ለምን አልነገርሽንም?"

"ከመርሳ ከወጣን ጀምሮ እየፈጀኝ ነው። ማን ጠየቀኝ?"

አባቴ ኮፈኑን እንደያዘ ቀረ። እኔ እናቴን በጀርባዬ አዘልኳትና ወደ ሰዉ ጎርፍ ገባን። የሚጭነን መኪና እስክናገኝ አባቴ ምርኩዟን ይዞ ከኋላ እየተከተለ፣ በየመታጠፊያው "እግርሽ እንዴት ነው?" ይላታል።

"ደኅና ነው" ትለዋለች።

ሁለታችንም አላመንናትም።